የት ብትቀመጥ ይሻላል?

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው አውሮፕላን የሰማይ ነገር ሳይሆን የሰፈር ነገር ነው። ከምሥራቅ በኩል መጥተው ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ጎማቸውን ዘርግተው ዝቅ ብለው ሲያልፉ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ አታያቸውም፤ ሕፃናቱም ትልቁን ከትንሹ በድምፁ ብቻ ይለያሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ስለ አውሮፕላን አደጋ ማውራት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ሟርት ይመስላል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አስቁመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጠይቁኝ አልገረመኝም። ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው።

«አንተ መሐንዲስ አይደለህ? እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ የት ብትቀመጥ ይሻላል?»

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የምሠራ ሜካኒካል መሐንዲስ እንጂ የአቪዬሽን ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ከመጋቢት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ስለ አውሮፕላን አደጋ ምርምር ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ለእሳቸው «መስኮቱን ትተው በሩን ያስቡ እማማ፤ ለበር ትቅረብ» ብያቸው ደረጃውን ወጣሁ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ ነበር፤ የቀረውን ግማሽ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የገጠር ሴት እንቁላል ወደ ገበያ ስትወስድ ቅርጫቱን በጭድ ትሞላዋለች። ጭዱ ለእንቁላሉ የሚሰጠው ጥቂት ጣት የሚሆን ርቀት ነው፤ ቅርጫቱ በድንገት ሲቆም እንቁላሉ በዚያች ርቀት ውስጥ ቀስ እያለ ይቆማል። የአውሮፕላን አደጋ ምርምር ግማሹ ይኸው የጭድ ጉዳይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አካል በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ከመሬት ስበት ወደ 100 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያርፍበታል፤ ያው አካል በ1 ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ይወርዳል። መሐንዲሶች ይህን በ«ጂ» ይቆጥሩታል። 1 ጂ ማለት አሁን ወንበራችን ላይ የምናሳርፈው የራሳችን ክብደት ነው፤ በ10 ጂ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት ሰባት ኩንታል ሆነ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነው።

ነገሩን በሥርዓት ማጥናት ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ሂዩ ደሄቨን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የበረራ ሠልጣኝ ሳለ ሁለት አውሮፕላኖች በልምምድ ላይ ተጋጭተው ወደቁ፤ እሱ ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ። በወቅቱ የነበረው አስተያየት «ዕድለኛ ነህ» የሚል ነበር፤ እሱ ግን የሆድ ዕቃውን የጎዳው የገዛ ቀበቶው ዘለበት መሆኑን ልብ አለ፤ ዘለበቱ ሌላ ቅርጽ ቢኖረው ኖሮ ጉዳቱም ሌላ ይሆን ነበር። ከዓመታት በኋላ ከ15 እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ታሪክ ሰብስቦ ምን ላይ እንደ ወደቁ፣ ያረፉበት ነገር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ሰረጎደ መረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ጉዳት ጥናት ጀመረ። እኛ «ከአርባ ሜትር ወድቆ የተረፈ ሰው» ስንሰማ ታምር ነው ብለን እናልፋለን፤ እሱ ግን ሜትር ይዞ መጣ።

ሰው በእርግጥ ምን ያህል እንደሚችል ያሳየው ደግሞ ጆን ፖል ስታፕ የተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በሐዲድ ላይ በሚሮጥ የሮኬት መንሸራተቻ ራሱን አስሮ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከበረረ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ፤ የደረሰበት ጫና እስከ 46.2 ጂ ደርሷል። ዓይኖቹ ደም ቋጠሩ፣ ለጊዜውም ማየት ተሳነው፤ ነገር ግን ከሞት ተረፈ። ትርጉሙ ቀላል አይደለም። በሚገባ የታሰረ የሰው ገላ ከዚያ በፊት ይታሰብ ከነበረው እጅግ የበለጠ ይችላል። እንግዲያው በአንዳንድ አደጋዎች ሰው የሚሞተው ገላው ስላልቻለ ሳይሆን ወንበሩ ስላልቻለ ነው።

ለብዙ ዓመታት የመንገደኞች አውሮፕላን ወንበር የሚፈተነው በ9 ጂ ቋሚ ጭነት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ቀስ ብሎ ስቦ ይነቀል እንደሆነ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአዳዲስ አውሮፕላን ዓይነቶች ደንቡን ለወጠ። ወንበሩ ዱሚ (የሰው አምሳል የሙከራ አሻንጉሊት) ተቀምጦበት በሐዲድ ላይ እንዲነዳና በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ፍጥነት በቅጽበት ሲነጠቅ 16 ጂ እንዲችል፣ ወደ ታች በሚመጣ ምት ደግሞ 14 ጂ እንዲችል ተደነገገ፤ በታችኛው የጀርባ አጥንት ላይ የሚያርፈው ጫናም ከ680 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወሰን ተቀመጠለት። ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው፤ ከፊት ፈተናው በፊት ወንበሩ የታሰረባቸው ሁለት የወለል ሐዲዶች ሆን ተብሎ 10 ዲግሪ ይጠመዘዛሉ። በእውነተኛ አደጋ ወለሉ ቀጥ ብሎ እንደማይቀር፣ ወንበሩም ከመሬቱ የሚነቀለው አብሮ መጠምዘዝ ሲያቅተው መሆኑን ከወደቁ አውሮፕላኖች ስላዩ ነው። ይህን የጻፈው ሰው ስብርባሪ መካከል ተንበርክኮ ብሎን የመረመረ ሰው መሆን አለበት።

እኔ በሙያዬ ወንበር ሲበየድ አይቻለሁ። በከተማችን ሚኒባሶች ውስጥ ትርፍ ሰው ለመጫን የሚጨመሩትን ወንበሮች ማለቴ ነው፤ ሁለት የቀጭን ብረት እግር፣ አራት ነጥብ ብየዳ፣ ከሥሩ የዛገ ላሜራ። ያን ወንበር ለመንቀል 16 ጂ አያስፈልግም፤ ኃይለኛ ፍሬን ይበቃዋል። የጎረቤቴ ልጅ በዚያ ቀን የምትቀመጥበት ከሁሉ የከፋ ወንበር ከአራብሳ ወደ ቦሌ የሚወስዳት ሚኒባስ ውስጥ ያለው እንደሚሆን ለእናቷ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

በነገራችን ላይ የእኛ ከተማ ለዚህ ስሌት የራሷን ነገር ትጨምርበታለች። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በመደበኛው የአየር ጥግግት ስናሰላው እዚህ የሚያርፍ አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ማረፊያ ይልቅ በ12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሬት ይነካል። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ፍሬኑና ጎማው ማብረድ ያለባቸው ጉልበት በ25 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። በረንዳዬ ላይ ሆኜ የማያቸው አውሮፕላኖች ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ዓይን ያታልላል።

ምርምሩ በወረቀት ብቻ አልተሠራም፤ አውሮፕላን ተሰብሯል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን በሚገኘው የናሳ ላንግሌይ ማዕከል 73 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ግዙፍ የብረት ማማ አለ። መጀመሪያ የተሠራው ኒል አርምስትሮንግና ጓደኞቹ ጨረቃ ላይ ማረፍን እንዲለማመዱበት ነበር፤ የጨረቃው ጉዞ ሲያበቃ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር በገመድ ሰቅሎ እንደ ዥዋዥዌ እየለቀቁ መሬት ላይ መፈጥፈጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሦስት ሴስና 172 አውሮፕላኖች እዚያ የተከሰከሱት ከወደቁ በኋላ ያሉበትን ቦታ የሚጠቁመው የሬዲዮ መሣሪያ ለምን እንደሚከሽፍ ለማወቅ ነበር።

ከሁሉ ታላቁ ሙከራ ግን የከሸፈው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1984 ናሳና የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ አንድ ቦይንግ 720 አውሮፕላን ሰው ሳይኖርበት ከመሬት በሬዲዮ እያበረሩ፣ ወንበሮቹ ላይ ዱሚዎችን አስቀምጠው፣ በካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ከሰከሱት። ዋናው ዓላማ ነዳጅ ሲረጭ እንደ ጉም እንዳይበተንና በቀላሉ እንዳይቀጣጠል የሚያደርግ ቅመም መፈተሽ ነበር። በዕቅዱ መሠረት አውሮፕላኑ ክንፎቹን ቀጥ አድርጎ በሆዱ ካረፈ በኋላ መሬት ላይ የተተከሉ የብረት መቁረጫዎች ክንፉን ይቀድዳሉ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ግን ወደ ግራ አዘነበለ፣ የግራ ክንፉ ቀድሞ መሬት ነካ፣ ገላው ዞሮ አንዱ መቁረጫ ክንፉን በመቅደድ ፈንታ ሞተሩን መታ። የተነሣው የእሳት ኳስ አውሮፕላኑን ዋጠው፤ እሳቱን ለማጥፋት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ቅመሙም በዚያው ቀረ። ይህን ያህል ገንዘብና ዝግጅት የፈሰሰበትን ውድቀት በፊልም ለሕዝብ ማሳየታቸውን አደንቃለሁ፤ በፋብሪካችን አንድ ያልተሳካ ሙከራ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀቱ ነው።

እሳቱ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ያመጣናል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ይነሣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት እየለቀቀ ሳለ የርግብ መንጋ ገባበት። አንዱ ሞተር ወዲያው ደከመ፣ ሁለተኛው ለመመለስ ሲሞክር ተከተለው፤ አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ብዙ ሰው የዚህን አደጋ ታሪክ በሞቱት ቁጥር ብቻ ያስታውሰዋል። እኔ ደግሞ 69ኙን አስባለሁ፤ ሁለት ሞተሩን ያጣ አውሮፕላን በሆዱ ወድቆ ከሦስት ሰዎች ሁለቱ መትረፋቸው ምቱ ሊቻል የሚችል እንደነበር ያሳያል። እንዲህ ያለ ምት ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ከእሳቱ በፊት መውጣት ነው።

በዚሁ ጥያቄ ላይ እንግሊዞች ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1985 በማንቸስተር ማኮብኮቢያ ላይ አንድ 737 ሞተሩ ፈንድቶ ከመሬት ሳይነሣ ቆመ፤ ከ137 ሰዎች 55ቱ ግን ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደለው ጭሱ ነበር። ምት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አውሮፕላኑ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ክራንፊልድ በተባለው የእንግሊዝ የትምህርት ተቋም የሔለን ሚዩር የምርምር ቡድን ሰዎችን አውሮፕላን ውስጥ አስገብቶ እንዲወጡ እያደረገ በሰዓት ለካቸው። ሰዎቹ በሥርዓት ተሰልፈው ስለወጡ ውጤቱ ከእውነተኛው አደጋ ጋር አልመሳሰል አለ። በዚህ ጊዜ ቀድመው ለሚወጡት 5 ፓውንድ ጉርሻ ታወጀ። ወዲያው ሰው በሰው ላይ ተረማመደ፣ በሮቹ በገላ ተወተፉ፤ መተላለፊያው ስንት ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ መወተፉ እንደሚቀርም ታወቀ። በአምስት ፓውንድ የሰውን ልጅ ድንጋጤ መግዛት መቻሉ ያሳዝናል፣ ያስቃልም፤ የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚያውቅ የመገናኛ ሰው ግን ጉርሻውም ባላስፈለገ ነበር።

ደንቡ እንደሚለው ከ44 መንገደኛ በላይ የሚይዝ አውሮፕላን ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ፣ በጨለማ፣ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንዳለበት መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤርባስ ኤ380 ሲፈተን 873 ሰዎች በ78 ሰከንድ ወጡ። ፈተና ፈተና ነው፤ ፈተናው ላይ የሚገኙት ጤነኞች ናቸው፣ ሻንጣዬን የሚል የለም። እውነተኛው ነገር በቶኪዮ ሃኔዳ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ታየ። የጃፓን አየር መንገድ ኤ350 ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም ወጡ። ከ8 መውጫዎች ሊያገለግሉ የቻሉት 3 ብቻ ስለነበሩ ሁሉም እስኪወጣ ከ90 ሰከንዱ እጅግ የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል። መንገደኞቹ ዕቃቸውን ትተው የአስተናጋጆቹን ድምፅ ተከትለው ነበር የወጡት።

ዕቃ ስል የኮሞሮሱ ይታወሰኛል፤ እዚያ ችግሩ የሆነው ጃኬት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 767 ነዳጅ ጨርሶ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ፣ በኮሞሮስ ደሴት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ አሳረፉት። የግራው ክንፍ ቀድሞ ውኃ ነክቶ አውሮፕላኑ ተበጣጠሰ፤ ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከሞቱት ብዙዎቹ ከምቱ በሕይወት ካለፉ በኋላ የሰመጡ ናቸው፤ ሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ከውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር ውኃው እየሞላ ሲመጣ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ መውጫው መድረስ አልቻሉም። አስተናጋጇ ጃኬቱን እያሳየች «ከአውሮፕላኑ ከወጡ በኋላ ይንፉት» ስትል ስልካችንን የምንነካካ ሰዎች ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀና ብለን ብንሰማት ምን አለበት?

የጎረቤቴን ጥያቄም ይኸው አደጋ ያወሳስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሜክሲኮ በረሃ አንድ ቦይንግ 727 ሆን ተብሎ ሲከሰከስ አፍንጫው ቀድሞ ወርዶ የፊቱ ክፍል ተገንጥሎ ቀረ፤ ስለዚህ የኋላ ወንበር ይሻላል የሚለው ወሬ በዓለም ናኘ። በኮሞሮስ ግን ከአፍንጫው ላይ የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ተርፈዋል። አውሮፕላን በምን አኳኋን እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚነግር ስለሌለ የወንበር ምርጫ ስሌት የለውም።

ወንበርም፣ በርም፣ ቀበቶም የማይረዳበት ቦታ ደግሞ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት 2፡38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በእኛ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ወጣ። እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ ድምፁን መስማቴን እንኳ አላስታውስም፤ የሰፈራችን ጆሮ ለምዶታልና። በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በተባለ ቦታ መሬት ላይ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው አንዱ የአንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቶ፣ ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ያን አንድ ሴንሰር አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው፤ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎችን የገደለው ያው ነገር ነበር። በሌላ ቀን ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አሰላሁት። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር የነበረ አውሮፕላን፣ 10 ሜትር ገደማ የጠለቀ ጉድጓድ። ቢበዛ ቢበዛ በ10 ሜትር ቆመ ብንል እንኳ ከ300 ጂ በላይ ነው። ደሄቨንም፣ ስታፕም፣ የ16 ጂ ወንበርም እዚያ ምንም የሚሉት የለም።

እዚያ የሚናገረው መዝጋቢው ሣጥን ብቻ ነው። እሱ 3,400 ጂ ምትና ለአንድ ሰዓት 1,100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እሳት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ጥቁር ሣጥን ብንለውም ቀለሙ ብርቱካናማ ነው። የአብራሪዎችን ድምፅና የመሣሪያዎችን ንባብ አብሮ የሚመዘግበውን ሣጥን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያሰበው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋረን አባቱን በ1934 በአውሮፕላን አደጋ ያጣ ሰው ነበር። የ302 ሣጥኖች በማግሥቱ ተገኝተው እንዲነበቡ ፈረንሳይ ተወሰዱ፤ በቀናት ውስጥም ያ የአውሮፕላን ዓይነት በዓለም ሁሉ እንዳይበር ታገደ። አሁን ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፣ ካልተስማሙም አይሠራም። አየር መንገዳችን አውሮፕላኑን ጥር 2014 ዓ.ም. እንደገና ማብረር ጀመረ። እኔም ማንበብ የጀመርኩት 302 በወደቀ ሰሞን ነው፤ አንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ መሥራት በእኛ ፋብሪካ የብረት ማተሚያ ማሽን ላይ እንኳ የማንፈቅደው ነገር ስለነበር ንዴቱ አላስተኛኝ ብሎ።

ትናንት ማታ ወደ ታች ወርጄ ለልጅቷ ጥቂት ነገር ነገርኳት። ቀበቶሽ ዳሌሽ ላይ ዝቅ ብሎ ይጥበቅ፣ ሆድሽ ላይ አይውጣ። ሲነሣና ሲያርፍ ጫማሽን አታውልቂ። ዕቃ አታንሺ። ጃኬት ከውጭ ነው የሚነፋው። ስትቀመጪ ደግሞ እስከ ቅርቡ መውጫ ከፊትም ከኋላም ስንት ወንበር እንዳለ ቁጠሪ፤ ጭስ ሲሞላ ዓይን አያይም፣ እጅ ግን ይቆጥራል።

ዛሬ ከሰዓት ከጅዳ ደወለች። እናቷ ደረጃው ላይ ጠብቀውኝ ነገሩኝ፤ ወደ ኋላ ስድስት፣ ወደ ፊት አሥራ አንድ። ወንበሮቹን በጣቷ እየነካች ስትቆጥር አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ጸሎት የምታደርስ መስሏቸው እስክትጨርስ ጠብቀው «አሜን» አሏት።